ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ላስቆመችኝ ጠበቃ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ትንሽም ለማስጠንቀቅ።

ባለፈው ወር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከሌላ ተከራይ ላይ ተረከብኩ። ቦታው ሰው ይበዛበታል። የሚለቀው ሰውዬ ማስተላለፊያ፣ አንዳንዱ የቁልፍ የሚለውን ገንዘብ ጠየቀኝ። የ7 ወር ኪራይ ያህል ነው። በዛ ብዬ ትንሽ ተከራከርኩ። "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" ሲለኝ ግን ልቤ ተሰቀለ። ቀብድ ልሰጥ አንድ ቀን ሲቀረኝ ወንድሜ እየጎተተ አንዲት የውል ጠበቃ ጋ ወሰደኝ።

"የኪራይ ውሉን አይተኸዋል?" አለችኝ። የምን ውል? እኔ ያየሁት ሱቁን ነው። "ታዲያ ምኑን ልትገዛ ነው?" ብላ ቅጂውን አስመጣችኝ። ውሉ የቀረው 7 ወር ብቻ! "የምትከፍለውን ለቀረው ወር አካፍልና ኪራዩ ላይ ደምረው" አለች። ልክ እጥፍ ኪራይ ልከፍል ነበር። ያውም ጊዜው ሲያልቅ አከራዩ ውጣ ቢለኝ መልስ የለኝም።

በዚያ ላይ አከራዩ በጽሑፍ ካልፈቀደ ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም ይላል ውሉ። ሰውዬው ደግሞ አከራዩን ጭራሽ አላናገረውም።

ከዚያ ሰውዬው የጠየቀኝን ገንዘብ በዝርዝር እንዲከፋፍለው አደረገችው። ለመደርደሪያው ስንት፣ ለዕቃው ስንት፣ ለቦታውና ለደንበኛው ስንት፣ አከራዩ ጋ ላለው መያዣ ስንት። ጉዱ የወጣው እዚህ ላይ ነው። መደርደሪያው ከውሉ ጋር በተያያዘው ዝርዝር የአከራዩ ንብረት ተብሎ ተጽፏል። የሰው ዕቃ ልገዛ ነበር! ከመያዣውም ግማሹ ለውዝፍ ኪራይ ተቆርጧል። ሰውዬው ክፉ አይመስለኝም። እሱም ሲገባ እንደኔ ሳይጠይቅ የከፈለ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ሦስታችንንም አስቀመጠችን። አከራዩ በስሜ የ3 ዓመት አዲስ ውል ፈረመ፣ መያዣውንም በስሜ አዲስ አስያዝኩ። ማስተላለፊያው ወደ 4 ወር ኪራይ ወረደ። ለ36 ወር ሲካፈል በየወሩ የኪራዩ አንድ ዘጠነኛ ነው፤ ይሄ ይቻላል። የከፈልኩትም በሁለት ዙር ነው። ግማሹን አከራዩ ሲፈርም፣ ግማሹን የመብራትና የውሃ ዕዳ ተዘግቶ ቁልፉን ስረከብ። ለሁለቱም ደረሰኝ አስፈርማልኛለች።

እንከን የላትም አልልም። ስልክ ቶሎ አታነሳም። አነጋገሯም ቆጣ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ቀን የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። የከፈልኳትም ቆንጠጥ አድርጎኛል። ግን ካስቀነሰችልኝ ጋር ሳስተያየው አፌን ዘጋሁ።

እህቴ፣ ከልቤ አመሰግንሻለሁ። ስሟን በአደባባይ መጻፍ ስላልፈለግኩ አድራሻዋን የምትሹ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ የኪራይ ውሉን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። "በኋላ አመጣዋለሁ" ካላችኋት ቀጠሮውንም ወደ በኋላ ነው የምታዞረው።