ለቶም20 አንቲቦዲ፦ ሞኖክሎናል ወይስ ፖሊክሎናል?
ባህር ዳር ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ከጓደኛዬ ጋር የተከራከርነው ነው፦ በላብ ውስጥ አንድን ፕሮቲን ለይቶ ከሚይዘው አንቲቦዲ የትኛው ዓይነት ይሻላል? ቶም20 የሚቶኮንድሪያ (የሴል ኃይል ማመንጫ) ውጪኛው ሽፋን ላይ ሆኖ የሚገቡ ፕሮቲኖችን የሚቀበል ነው፣ በረኛ በሉት። ፖሊክሎናሉ የብዙ ዓይነት አንቲቦዲ ድብልቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከጥንቸል ነው የሚወጣው፣ ፕሮቲኑን ብዙ ቦታ ላይ ስለሚይዘው ሲግናሉ ደመቅ ይላል፣ ናሙናው እንዳይበላሽ የሚደረገው ፎርማሊን አንዱን ቦታ ቢሸፍንበት እንኳ በሌላው ሊይዝ ይችላል፣ ግን ጥንቸሏ ስትቀየር ውጤቱም ሊቀየር ስለሚችል ያምናውን ብሎት (ፕሮቲን የሚታይበትን የላብ ምርመራ) ከዘንድሮው ጋር ማወዳደር ጣጣ ነው። ሞኖክሎናሉ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ ብቻ ይይዛል፣ ባች (የምርት ዙር) ቢቀያየርም ያን ያህል አይለዋወጥም፣ ያቺ ቦታ ከተሸፈነች ግን ባዶ እጅህን ቀረህ። እኔ ለረጅም ጥናት ሞኖክሎናል ነኝ፣ እሱ ደሞ ለማይክሮስኮፕ ፖሊክሎናሌን አልለቅም አለ። መብራት ሄዶ ፍሪዘሩ ሲጠፋ ግን ሁለቱም ያው ናቸው፣ ደጋግሞ በረዶ ሆኖ መቅለጥ ያበላሻቸዋል፣ አንቲቦዲው እንደመጣላችሁ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሉት!