ኮምፑር ወይስ ኮፓል? ለትልቅ ካሜራ አሮጌ ሌንስ ለሚገዙ

በሱሉልታ፣ በቡራዩ ወይም በለገጣፎ ተቀምጦ ባለ 4 በ5 ኢንች ካሜራ የያዘ ሰው ሌንስ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ዕቃው ደርሶ ካልሠራ መልሶ መላክ አይታሰብም። ስለዚህ ምክሬን አስቀድሜ ልናገር፦ መጀመሪያ ሻተሩን፣ ማለትም በቀጫጭን ቅጠሎች ተከፍቶና ተዘግቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውን ክፍል፣ ይምረጡ፤ መስታወቱ ይከተል። ይህን የሚያህል ኔጋቲቭ ሲታተም ብዙ ስለማይጎላ በመካከለኛ ሌንስም ያምራል። ቅጠሎቹ የተጣበቁ ሻተር ግን ድንቅ ሌንስ ቢሸከምም ፊልም ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

ምርጫው በአብዛኛው በሁለት ጥንዶች መካከል ነው። አንደኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ 150 ሚሊሜትር ቴሳር ከኮምፑር ሻተር ጋር ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወጣው የሽናይደር 150 ሚሊሜትር ሲማር ኤስ ከጃፓኑ ኮፓል ዜሮ ሻተር ጋር ነው።

ቴሳርን ፖል ሩዶልፍ በዛይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1902 ቀየሰው። አራት መስታወቶች ብቻ ስላሉት ትንሽና ቀላል ነው፤ መሐሉ ላይ የሚያወጣው ምስል ዛሬም ጥርት ያለ ነው። እስከ ኤፍ 4.5 ስለሚከፈት (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) ከካሜራው ጀርባ ባለው በደበዘዘው መስታወት ላይ ፎከስ ለማድረግ ይመቻል፤ ለሰው ፊት እኔ ከሲማሩ አስበልጠዋለሁ። ድክመቱ የሚያበራው ክብ ጠባብ መሆኑ ነው። የፊልሙ ሰያፍ ወደ 153 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ ሌንሱን ከመሐል ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ለማንቀሳቀስ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከከተማው ዳር የተደረደሩትን የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሳያጋድሉ ለማንሳት የካሜራውን ፊት ከፍ ሲያደርጉ ማዕዘኖቹ ይጨልማሉ። ሲማር ኤስ በኤፍ 22 ወደ 210 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክብ ስለሚሸፍን ለዚህ ሥራ ያለ ጥርጥር ይመረጣል። መስታወቶቹ ፀረ ነጸብራቅ ሽፋን ስላላቸውም የበጋ ፀሐይ ከፊት ሲመጣ ጥላው አይገረጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሻተሩ። ኮምፑር እ.ኤ.አ. በ1912 ከሙኒኩ ፍሪድሪሽ ዴክል ፋብሪካ ሲወጣ ትልቁ እርምጃው ጊዜውን በአየር ፒስተን መለካቱን ትቶ በጥርሳም ማርሽ መለካቱ ነበር። እነዚያው ጥቃቅን ማርሾች ናቸው ዛሬ የሚያስቸግሩት፤ ዘይታቸው ከጊዜ ብዛት ይወፍራል። ፈጣኖቹ ፍጥነቶች ደህና ሆነው ቀርፋፎቹ ይሞታሉ፤ በኤፍ 22 በመቆሚያ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ቀርፋፎቹን ነው። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች አገር ናትና በኅዳር ማለዳ ቅዝቃዜው ዘይቱን ይበልጥ ያወፍረዋል።

ስለዚህ ሻጩን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ይጠይቁት። ሻተሩን አንድ ሰከንድ ላይ ያድርገው፣ ማንሻውን ይወጥረው፣ ይልቀቀው። ማርሹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ድምፅ መዝመም አለበት፤ መሐል ላይ ከተንገዳገደ ወይም ቅጠሎቹ ግማሽ ተከፍተው ከቀሩ አይግዙት። በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ካለው ይበልጥ ጥሩ ነው፦ በ1/15 ሰከንድ ቅጠሎቹ ወደ 16 ምስሎች ያህል ክፍት መታየት አለባቸው። ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚዘገይ ሻተር አያሳስብም፤ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) አጥብቦ መሥራት ይቻላል። አንዴ 14፣ አንዴ 25 የሚያሳየውን ግን ማንም አያርመውም።

ኮፓልም ያረጃል፤ ይሁንና በዕድሜ ስለሚያንስ ጤነኛውን ማግኘት ይቀላል። ከአንድ ሰከንድ እስከ 1/500 ይሠራል፣ የፍላሽ መሰኪያ አለው። ከጦርነቱ በፊት በተሠሩት ኮምፑሮች ላይ መሰኪያው የለም፤ በፍላሽ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል። ኮፓል ፍጥነቱን ሳይነኩ ቅጠሎቹን ለፎከስ ከፍቶ የሚይዝ ማንሻም አለው። በኮምፑሩ ግን ቅጠሎቹን ክፍት ወደሚያቆዩት ምልክቶች፣ ወደ ቲ ወይም ወደ ቢ፣ አዙሮ መክፈት፣ ከዚያም መመለስ ግድ ነው፤ መመለሱን የረሳ ሰው ፊልሙ ይቃጠልበታል።

ሻተር የሌለው የነሐስ ሌንስም በርካሽ ይገኛል። በፊልም ፈንታ በፎቶ ወረቀት ለሚያነሳ ሰው አልቃወምም፤ ወረቀቱ ለብርሃን ሰነፍ ስለሆነ በጥላ ሥር በኤፍ 22 ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፣ ያንን ክዳኑን በእጅ አንስቶ መመለስ ይበቃዋል። ለፊልም ግን አልመክረውም።

በሲማሩ መስታወት ጠርዝ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ቢያዩ አይደንግጡ፤ የጠርዙ ጥቁር ቀለም መላላጥ ነው፣ ምስሉን አይነካም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ግን ከክረምታችን እርጥበት ጋር ይስፋፋልና ይተዉት።

ሻተሩን ከካሜራው የሌንስ ሰሌዳ ጋር የሚያስረው የኋላው ማሰሪያ ቀለበት አብሮ መኖሩንም በፎቶ ያረጋግጡ። ሰሌዳውን የትኛውም የብረታ ብረት ሠራተኛ ከአሉሚኒየም ቆርጦ ለኮፓል ዜሮ 34.6 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያወጣለታል፤ ለአሮጌ ኮምፑር ራሱን ሻተሩን በካሊፐር ለክተው ይስጡት። የቀለበቱን ቀጭን ጥርስ አውጥቶ የሚሠራልዎትን ሰው ግን በቀላሉ አያገኙም።