የ11 ወር ልምድ፦ በአሮጌ ሆንዳ ኤስቲ 1100 ሞተር ሳይክል ላይ አዲስ የኋላ አሞርዛተር

ለሦስት ዓመት ያህል ጥፋቱን ለጎማ ስሰጥ ኖርኩ። ኩርባ ውስጥ ገብቼ መሪውን ስጫን ሞተሯ ቶሎ አትታዘዘኝም፤ ወደ መንገዱ ጠርዝ ትሸሻለች። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣ፣ ሦስቱም ሳጥኖች ሞልተው ሰፊ ኩርባ ላይ ፈጠን ስል ደግሞ የኋላ አካሏ ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሁለት ጊዜ ጎማ ቀየርኩ። የመሪውን አንገት ኩሽኔታ ፈትቼ፣ ግራሶ ቀብቼ መልሼ አጠበቅሁ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ረድቷል፤ ችግሩ ግን አልጠፋም።

ፍንጩ የመጣው ከመብራት ነው። ማታ ማታ ከፊት ለፊት የሚመጡ ሾፌሮች ረጅሙን መብራት እያበሩ ይጮሁብኝ ነበር። እኔም የፊት መብራቱን በብሎኑ ዝቅ አደረግሁና ተውኩት። ለምን ከፍ እንዳለ ራሴን የጠየቅሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። መብራቱ ወደ ሰማይ የሚያየው የሞተሯ የኋላ ክፍል ዝቅ ስላለ ነው። ከኋላ ዝቅ ስትል የፊቱ ፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት ዘንጎች) ይበልጥ ይጋደማል፣ ክብደት ከፊት ጎማ ላይ ይነሳል፣ መሪው ይዘገያል። ስማረርባቸው የኖርኳቸው ሁሉ አንድ ሥር ነበራቸው።

ለማያውቋት፦ ሆንዳ ኤስቲ 1100 በአውሮፓ ፓን ዩሮፒያን የምትባለው የረጅም መንገድ ሞተር ናት። ከ1990 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ተመርታለች። 1084 ሲሲ ቪ-4 ኤንጂን አላት፣ በሰንሰለት ፋንታ በሻፍት ትነዳለች፣ 28 ሊትር ቤንዚን ትይዛለች፣ ሞልታ ስትቆም ከ300 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ይህን ሁሉ ክብደት ከኋላ የሚሸከመው አንድ አሞርዛተር ነው፤ ሞላው ክብደቱን ይይዛል፣ ውስጡ ያለው ዘይት ደግሞ ንዝረቱን ያበርዳል። የእኔው ከፋብሪካ የመጣው ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ መድከሙ የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ማንንም አልወቅስበትም። ውስጡ ያለው ዘይት ያረጃል፣ ማገጃ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ተጭኖ የሚይዘው ናይትሮጂን በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ጠዋት ስነሳ ደህና ትመስላለች፤ ግማሽ ሰዓት ከተጓዝን በኋላ ዘይቱ ግሎ ሲቀጥን ጀልባ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ትንሳፈፋለች።

ከመግዛቴ በፊት ለካሁ። ሌላውን ሁሉ ዘላችሁ ይህን አንድ አንቀጽ ብትወስዱልኝ ደስ ይለኛል። ሞተሯን በመሃል እግሯ አቁማችሁ፣ የኋላ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከጎማው ፔርኖ (የመሃል ዘንግ) ቀጥታ ወደ ላይ አካሏ ላይ እስካደረጋችሁት አንድ ምልክት ድረስ በሚሊ ሜትር ለኩ። ከዚያ መሬት ላይ አውርዳችሁ ባዶዋን ለኩ። በመጨረሻ የመንገድ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡና ሌላ ሰው ይለካ። ሁለቱ ልኬቶች እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ሲቀነሱ ስንት እንደምትወርድ ይነግሯችኋል። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ባዶዋን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከነአሽከርካሪው ከ30 እስከ 40 ብትወርድ መልካም ነው።

የእኔ ልኬት፣ የሞላው ማጥበቂያ እስከ መጨረሻው ተዙሮ፣ ባዶዋን 8፣ እኔ ስቀመጥ 42 ሆነ። 42ን ብቻ ያየ ሰው ጥቂት ነው የጎደላት ይላል። ችግሩን የሚናገረው ግን 8 ነው። ማጥበቂያውን ማዞር ሞላውን አያጠነክረውም፤ የሚያደርገው ሞተሯን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ባዶዋን ምንም ሳትወርድ ሰው ሲቀመጥባት ብዙ የምትወርድ ከሆነ፣ ሞላው ለክብደታችሁ ለስላሳ ነው ማለት ነው። ባለቤቴና ጓዛችን ሲጨመሩ 80 አለፈ። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ሲያጋጥም ሞላው ሊጨመቅበት የሚተርፈው ርቀት ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ስገዛ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የአምራቹ ስም አልነበረም። የእኔን ክብደት፣ የባለቤቴን ክብደት፣ የጓዙን ኪሎ ልኬ ሞላው በዚያ ተመርጦ የሚመጣልኝን ፈለግሁ። የመረጥኩት ተፈትቶ የሚታደስ፣ የመመለሻ ፍጥነቱ (ከተጨመቀ በኋላ ተመልሶ የሚዘረጋበት ፍጥነት) በክሊክ የሚስተካከል፣ የሞላው ማጥበቂያ ደግሞ በቱቦ ወጥቶ በእጅ የሚዞር ነው። ርዝመቱ ከድሮው በ5 ሚሊ ሜትር ይበልጣል።

መግጠሙ ለብቻ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን ወሰደብኝ። የታችኛው ብሎን ዝጎ ከሚያልፍበት የብረት ቀለበት ጋር ተጣብቆ ነበር። ሌሊቱን ዝገት መፍቻ ዘይት ጠጥቶ አደረና ጠዋት በረጅም ቁልፍ ቀስ እያልኩ፣ ሩብ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያደረግሁ አወጣሁት። አሞርዛተሩ ሲወጣ ጎማውን ከሥር በክሪክ መደገፍ አትርሱ። ያኔ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ነፃ ስለሚሆን ኩሽኔታውን በእጅ ግራና ቀኝ እየነቀነቃችሁ ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኙም። የእኔ ደህና ነበር። ብሎኖቹን መመሪያው በጻፈው ኃይል፣ በመለኪያ ቁልፍ አጠበቅሁ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም ደግሜ አየሁ።

አዲሱ ልኬት ባዶዋን 10፣ ከእኔ ጋር 36 ሆነ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ልማዴን ይዤ መሪውን ስጫን ከምፈልገው በላይ ወደ ውስጥ ገባች። ደነገጥኩ። ለዓመታት እየታገልኩ ስነዳት እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው። ዛሬ መሪውን በሁለት ጣት ብገፋ ይበቃል፤ ባልኩት መስመር ገብታ በዚያው ትወጣለች። ከነጓዟ የነበረው ውዝዋዜ ጠፍቷል። ባለቤቴ ስለ አሞርዛተር ግድ የላትም፤ እሷ ያለችው «ወገቤ ሳይነካ ደረስን» ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ያልጠበቅሁት ጥቅምም አለ። በመሃል እግር ማቆም በፊት ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥራ ነበር። አሁን ከኋላ ከፍ ስላለች መነሳት ያለባት ርቀት አጥሯል፤ ሙሉ ጓዝ ጭናም በአንድ እርግጫ ትቆማለች። በተቃራኒው በጎን እግሯ ስትቆም ይበልጥ ታጋድላለች፤ ለስላሳ አፈር ላይ ከሥሩ ድንጋይ አደርጋለሁ። የፊት መብራቱንም እንደገና ወደ ቦታው መልሼዋለሁ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ይበልጥ እንድትረጋጋ ብዬ መመለሻውን ከአምራቹ ምልክት በአራት ክሊክ አዘገየሁት። ለስላሳ አስፋልት ላይ ግሩም ነበር። ተከታታይ ጉብታ ያለበት መንገድ ላይ ግን ድንጋይ ሆነች፤ እያንዳንዱ ጉብታ አከርካሪዬን መታው። ሞላው በዝቶብኛል ብዬ ለስላሳ ልጠይቅ ስል ነገሩን ደግሜ አሰብኩት። መመለሻው ሲዘገይ ጎማው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ አሞርዛተሩ እየተጨመቀ፣ እየተጨመቀ ታች ይቀራል። ስሜቱ ልክ እንደ ጠንካራ ሞላ ነው። አራቱን ክሊክ ስመልስ ጥንካሬው አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክሊክ ብቻ እየቀየርኩ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ የጎማውን ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ለክቼ ነው የምሞክረው። ነፋሱ ከተዛባ ሁሉም ሙከራ ከንቱ ነው።

በ11 ወር 14,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጃለሁ። ሞላው በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለ፤ በማጥበቂያው መለስኩት፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። ረጅም ቀን ነድቼ ማምሻው ላይ ጠዋት የነበረችው ሞተር ናት። የዘይት ጠብታ አላየሁም። አንድ ጊዜ ሳጸዳ የማጥበቂያው ቱቦ ከሳጥኑ መያዣ ብረት ጋር እየተፋተገ የውጭ ቆዳው መላጥ ጀምሮ አገኘሁት። ስገጥመው መስመሩን በደንብ አላሰብኩበትም ነበር። ቀጭን የጎማ ሽፋን አልብሼ ሌላ መስመር ሰጠሁት። እናንተ ስትገጥሙ ክንዱን በክሪክ እስከ ላይ አንስታችሁ ቱቦው የሚነካው ነገር እንደሌለ እዩ።

የማልወደው? በዝግታ ስሄድ ትንንሽ ስንጥቆችንና ሹል ጠርዞችን ከድሮው የበለጠ ትነግረኛለች። ከ40 በታች ይሰማል፤ ፍጥነት ስጨምር ይጠፋል። ደግሞም ነገሩ ከኋላ አያልቅም። ከኋላ ሲስተካከል የፊቱ ድካም ተጋለጠ፤ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ወደ መሬት ትጠልቅ ጀመር። በፊትም ትጠልቅ ነበር፤ ከኋላው ውዝዋዜ ጋር ተደባልቆ አላየሁትም። በአራተኛው ወር የፎርኩን ሞላዎችና ዘይት ቀየርኩ። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በኋላው ጀምሩ፤ የፊቱ ዘይት ግን ርካሽ ነውና አብራችሁ ቀይሩት።

ባለ መታደሻ አሞርዛተር የገዛ ሰው መታደሱንም አብሮ እንደገዛ ይቁጠር። 30,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ዘይቱና ጎሚኒው እንዲቀየሩ፣ ናይትሮጂኑም እንዲሞላ እልከዋለሁ። ያን ሰሞን የምገጥመው ስለሌለኝ አሮጌውን አልጣልኩትም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጨዋለሁ።

ከመቀመጫው ሥር በፕላስተር የለጠፍኩት ወረቀት ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ ብቻዬን ስሆን ማጥበቂያው 4 ዙር፣ መመለሻው 12 ክሊክ፤ ከባለቤቴና ከጓዝ ጋር ማጥበቂያው 18 ዙር፣ መመለሻው በ2 ክሊክ የዘገየ። እንዲህ ሲሆን ከነሙሉ ጭነቱ የምትወርደው ወደ 55 ሚሊ ሜትር ነው፤ በፊት 80 አልፎ ነበር።