ደሴ ፒያሳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፦ በተመስጦ ሥዕል የሚያስተምሩት ሠዓሊ

ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አብስትራክት ሥዕል (የሰው ወይም የዕቃ መልክ የሌለው፣ በመስመርና በቀለም ብቻ የሚሠራ) የሚያስተምሩ ሠዓሊ አሉ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ለአንድ ቅዳሜ 400 ብር ያስከፍላሉ። እኔ በደስታ ነው የምከፍለው።

ሥራዬ የባነርና የሠርግ ካርድ ዲዛይን ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ጀርባዬ ቆሞ «ቶሎ በል!» ይለኛል። ጋሼ ግን ብሩሽ ከመያዛችን በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ባዶ ሸራ ፊት ያስቀምጡናል። ስልክ በር ላይ ይቀራል፤ ወሬም የለም። የባጃጅ ጡሩምባ ሲመጣ «ይለፍ» ይላሉ፣ በቃ። ዱዓ ሲደረግ እያየ ላደገ ወሎዬ ልብን ሰብስቦ መቀመጥ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሸራው እንጨት ላይ ተወጥሮ ነጭ የተቀባ አቡጀዲ ነው። ጋሼ ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅለው ግራጫ ያወጣሉ፤ ጥቁር ቀለም አይነኩም። ውሃ ያበዙበታል። ትንፋሻቸውን እያወጡ ብሩሹን ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ይስቡታል። ያቆማሉ። ያዩታል። ቀጣዩ መስመር የሚደረበው የፊተኛው ሲደርቅ ነው፤ አለዚያ ቀለሙ ይጨማለቃል። የምንሠራበት አክሪሊክ፣ በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ብርዱና እርጥበቱ ያዘገየዋል። ሌላ ሰው ቢሆን የፀጉር ማድረቂያ ያመጣ ነበር። እሳቸው ጥበቃውን ራሱን ትምህርት አድርገውታል። ግራጫው ሲደርቅ ሰማያዊው ጠርዙ ላይ ተለይቶ ሲወጣ ያየሁት እንደዚያ ስጠብቅ ነው።

ስለ አግነስ ማርቲን ደጋግመው ያወሩናል። ካናዳ ተወልዳ አሜሪካ የሠራች ሠዓሊ ናት (እ.ኤ.አ. 1912–2004)። ሥዕሉ በአእምሮዋ እስኪታያት ቁጭ ብላ ትጠብቅ ነበር። የሚታያት ቴምብር የምታክል ምስል ነበረች። ከዚያ ልኩን በወረቀት አስልታ፣ በየጎኑ 183 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ሸራ ላይ በእርሳስ ታሰምረዋለች። አብስትራክት ያገኙትን መርጨት ለሚመስለው ሰው ይህን ብነግረው ደስ ይለኛል። ተመስጦውም ሒሳቡም አብረው አሉ።

የጋሼ አስተያየት አጭር ነው። አጠገቤ ለነበረችው ልጅ «እዚህ ጋ ሐሳብሽ ሄዷል» አሏት። እውነትም መስመሩ እዚያ ጋ ቀጥኗል።

ቅር የሚለኝም አለ። ብሩሾቹ አርጅተዋል፤ ፀጉራቸው ሸራው ላይ ይቀራል። የሸራ ዋጋ ለብቻው መሆኑም ቀድሞ ቢነገር ጥሩ ነው። የሰው መልክ መሣል የሚፈልግ ደግሞ ባይመጣ ይሻለዋል፤ ለሳምንታት በአንድ ቀለም መስመር ብቻ ነው የሚያሠሩት።

ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። አሮጌ ልብስ ልበሱ፤ አክሪሊክ ከደረቀ አይለቅም። ጃኬትም አትርሱ፣ መስኮቱን ከፍተው ነው የሚያስተምሩት።