የመድኃኒት ጂን ምርመራ፦ በፖስታ የሚመጣው ይሻላል ወይስ ሐኪም የሚያዘው?

ሰሞኑን ይሄ ጥያቄ በዝቶብኛል። «ያ ምራቅ ተተፍቶ የሚላከው ምርመራ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማኝ ይነግረኛል አሉ፤ ልግዛው?» የሚሉኝ አብዛኞቹ አሜሪካ ያሉ ሐበሾች ናቸው። መልሴ አጭር ነው፤ ለመድኃኒት ብላችሁ ከሆነ ሐኪም የሚያዘውን አሠሩ። በተለይ ሐበሻ ከሆናችሁ።

«በተለይ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ጉበታችን ውስጥ መድኃኒት ከሚለውጡ ኢንዛይሞች አንዱ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ በራሱ ጉልበቱ ትንሽ ነው። የሚሠራው ይህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዳንዱ ግን ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይኑን በፍጥነት ሞርፊን ያደርገዋል። በተለመደው መጠን ይደነዝዛል፤ ሲከፋ ትንፋሹ ሊዳከም ይችላል። ትራማዶል የሚባለው ሌላው ማስታገሻም በዚሁ መንገድ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

አሁን ወደ ገበያው። በፖስታ ከሚመጡት የታወቀው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ነው። የጤና ሪፖርት ያለው ለዓመታት 199 ዶላር ነበር፤ በበዓል ቅናሽ በጣም ይወርድ ነበር። ጥሩ ጎኑን አልክድም። ለልብ ሕመምተኞች የሚሰጠውን ክሎፒዶግሬልን የሚመለከተውን ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለ ሌላ ጂን ያያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2020 ለዚህ መድኃኒት ሌላ ማረጋገጫ ምርመራ ሳያስፈልግ ውጤቱ እንዲነገር ፈቅዷል። የሲዋይፒ2ዲ6ን (ባጭሩ 2ዲ6) ትርፍ ቅጂ ግን አይቆጥርላችሁም። የእኛ ጉዳይ ደግሞ እሱ ነው። በዚያ ላይ ኩባንያው በ2025 መጋቢት ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። ያኔ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የግዛቲቱን ነዋሪዎች መረጃቸውን ማስጠፋት እንደሚችሉ አስታወሰ። ምራቃችሁ የት እንደሚያድር ማሰቡም የዋጋው አካል ነው።

የሚያናድደኝ ርካሹ ነው። የአክስቴ ልጅ ጥርሷን አስነቅላ ኮዴይን ያለበት ክኒን ተሰጣት። በመጀመሪያው ቀን ማንኪያ እጇ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይዟት ይሄድ ጀመር፤ ስንጠራት አፏ ተሳስሮ መልስ መስጠት አቃታት። ባሏ ደንግጦ ከኢንተርኔት አንዱን ኪት አዘዘ። 79 ዶላር፣ መላኪያ 14፣ ከዚያ «ዝርዝር ሪፖርት» ለማየት ሌላ 35። በድምሩ 128። የመጣው ወረቀት ያምራል፤ ስለ ቫይታሚን፣ ስለ ቡና፣ ስለ እንቅልፍ ሰዓት ይተነትናል። ኮዴይን ላይ ሲደርስ «መደበኛ» ይላል። ስለ ቅጂ ብዛት አንድ መስመር የለም! ገንዘብ መልሱ ቢባሉ ናሙናው ከተከፈተ አይመለስም አሉ።

በኋላ ሐኪሟ ያዘዘላት ምርመራ ተሠራ። ኢንሹራንሷ አልከፍልም ስላለ በካሽ 249 ዶላር ከፈለች። ውጤቱ ላይ «የቅጂ ብዛት፦ 3» ተብሎ ተጽፏል። ርካሹን ባይገዙ 128ቱ ኪሳቸው ይቀር ነበር። ከገንዘቡ በላይ ግን ያ «መደበኛ» የሚለው ቃል ያስፈራኛል። በዚያ ቃል ተማምና ክኒኑን ሌላ ጊዜ ብትደግመውስ?

በፖስታ ከሚመጣው ምርመራ የሚገኘውን የጂን ጥሬ መረጃ አውርዶ ሌላ ድረ ገጽ ላይ መጫንም አለ፤ አሥርና ሃያ ዶላር ይጠይቃሉ። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት፣ ከእንዲህ ዓይነት ጥሬ መረጃ ተገኙ ተብለው ለማረጋገጫ ላቦራቶሪ ከተላኩት የጂን ለውጦች 40 በመቶው ሐሰት ሆነው እንደተገኙ ዘግቧል። ይኼን ካነበብኩ በኋላ ለማንም አልመክርም።

የሐኪሙን ስታሠሩ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «ለ2ዲ6 የቅጂ ብዛት ትቆጥራላችሁ?» በሉ። ይህ ጂን 2ዲ7 የሚባል የማይሠራ መንትያ አጠገቡ ስላለ፣ በደንብ ያልተሠራ ምርመራ ያምታታዋል። «አዎ» ካላሉ ገንዘባችሁን ያዙ። ሁለተኛ፣ ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት የካሽ ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለኢንሹራንስ የሚላከው ሂሳብ ብዙ ጊዜ ከካሹ በጣም ይበልጣል፤ ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ ዕዳው ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሌላም ጠይቁ። የእስራኤል ተመራማሪዎች ከፍ ያለ የዋርፋሪን መጠን የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ሲያጠኑ ቪኬኦአርሲ1 በተባለው ጂን ላይ አንድ ለውጥ አገኙ። ለውጡ በቤተ እስራኤላውያንም ይታያል፤ ብዙ ፓኔሎች (በአንድ ምርመራ አብረው የሚታዩ ጂኖች ዝርዝር) ግን አያካትቱትም።

ምርመራው ለማይደርሳችሁ፣ አገር ቤት ላላችሁም ጭምር፣ ርካሹ አማራጭ መድኃኒቱን መቀየር ነው። ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ሥራቸውን ለመሥራት 2ዲ6ን አይጠብቁም። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ግን ኢቡፕሮፌንን ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። ለልጆች ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ኮዴይንም ትራማዶልም እንዳይሰጥ የአሜሪካው ባለሥልጣን በ2017 ከልክሏል። የምታጠባ እናትም እንዳትወስድ አስጠንቅቋል። የሳል ሽሮፕ ስትገዙ ጠርሙሱን አዙራችሁ ኮዴይን ይኑርበት አይኑርበት አንብቡ።

ውጤቱ ሲመጣ ፋይል ውስጥ እንዳይቀር። ፋርማሲያችሁ መዝገብ ላይ ያስገባው፤ ስልካችሁ ላይም ፎቶውን ያዙ። ኦፕሬሽን ከመግባታችሁ በፊት ለማደንዘዣ ሐኪሙ አሳዩት። ኦንዳንሴትሮን የሚባለውን የማስታወክ መድኃኒት ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ቶሎ ስለሚያስወግደው ላይሠራለት ይችላል፤ ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀ ሌላ ያዘጋጃል።