ማችለስ ዲሲ-30 ደሴ ላይ፦ ድምፁ ሌላ፣ ዋጋው ሌላ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ደሴ ሲገባ ከዕቃው ሁሉ የተጨነቀው ለአንድ ጊታር አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ነበር። ማችለስ ዲሲ-30 ይባላል። እኔ በዩቲዩብ ብቻ ነበር የማውቀው። አሁን ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር እነሱ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔም ምክንያት እየፈለግኩ መሄድ አብዝቻለሁ። ጊታር የሚጫወቱ ጓደኞቼ "ይሄን ያህል ገንዘብ ያወጣል ወይ?" እያሉ ስለጠየቁኝ ነው የምጽፈው።

ማችለስ እ.ኤ.አ. በ1989 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተመሠረተ ትንሽ ድርጅት ነው። መነሻቸው የእንግሊዞቹ ቮክስ ኤሲ30 የሚባለው አምፕ ነው፤ ያንን ድምፅ ይዞ በየመድረኩ ሲጎተት ቶሎ የማይበላሽ አምፕ መሥራት ፈለጉ። ውስጡ እንደ ርካሾቹ አምፖች የታተመ ቦርድ አይደለም፣ እያንዳንዱ ነገር በእጅ ነው የተበየደው። ክብደቱ ግን አይጣል ነው! ብቻውን የሚያነሳው ሰው ወገቡን ይሰናበት።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ሁለት ቻናል (የድምፅ መስመር) አለው። አንደኛው ጥርት ያለ ነው፣ የባስና የትሬብል (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ) ማስተካከያ አለው፣ ጥሩ ነው፣ ብዙ የምለው የለኝም። እኔን የገደለኝ ሁለተኛው ነው። ኢኤፍ86 በሚባል ቲዩብ (አምፖል በሚመስል የመስታወት ክፍል) ይሠራል። ድምፁ ወፈር ይላል፣ ቶን ለመቀየር ያለው አንድ ባለ ስድስት ደረጃ ማዞሪያ ብቻ ነው። ትዝታ ቀስ ብዬ ስጫወትበት ጣቴን ሳለዝብ ይጠራል፣ ጠንከር ሳደርግ ሻከር ይላል፣ ምንም ፔዳል (በእግር የሚረገጥ ድምፅ መቀየሪያ) ሳልረግጥ፣ የጊታሩን ቮልዩም እንኳ ሳልነካ። ክሩን ጎተት አድርጌ ስይዘው ኖታው ቶሎ አይሞትም፣ እንደ ማሲንቆ እየተላወሰ ይቆያል። ባቲንም አምባሰልንም ሞክሬበታለሁ (የሁለቱም ስም የወሎ አገር ስም ነው፣ እዚህ ካልተሞከሩ የት ሊሞከሩ ነው) ነጠላ ኖታ እስከተጫወትኩ ድረስ አንጀት ያርሳል።

አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ግን ችግር አለ። አንቺሆዬ ውስጥ በጣም የተጠጋጉ ኖታዎች አሉ። አምፑ ሻከር ማለት ከጀመረ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ከመታችኋቸው እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ያልመታችሁት ሦስተኛ ድምፅ መሃል ገብቶ ይጮኻል። ይሄ የማችለስ ጥፋት አይደለም፣ የዲስቶርሽን (የድምፅ መሻከር) ባህሪ ነው። ለአንቺሆዬ ቮልዩሙን ቀንሳችሁ አንደኛው ቻናል ላይ ተጫወቱ። ሪቨርብ (ድምፅ ማስተጋቢያ) የለውም፣ ለትዝታ የምትፈልጉ ከሆነ ፔዳል ያስፈልጋችኋል። ደግሞ 30 ዋት ሲባል ትንሽ እንዳይመስላችሁ። የቲዩብ 30 ዋት ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ ያ ጣፋጭ ሻካራነት የሚመጣው ደግሞ ከፍ ሲል ነው። ማስተር ቮልዩም (አጠቃላይ ድምፁን መቀነሻ) አለው፣ ይረዳል፣ ግን ተቀንሶ ሲሰማ ነፍሱ ትንሽ ይጎድላል።

ዋጋውስ? የአምፕ ሰብሳቢዎች ዓለም ሌላ ጨዋታ ነው። አሌክሳንደር ደምብል የሚባል ካሊፎርኒያ የነበረ ሰው በዕድሜ ልኩ የሠራው 300 ገደማ አምፕ ነው። አንዳንዶቹን ማንም እንዳይቀዳበት ውስጣቸውን በኢፖክሲ (ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ) ይደፍነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞተ፣ ዛሬ አንዱ አምፕ ከ100,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ኬን ፊሸር የሚባለው፣ ትሬንሬክ የሚባሉትን አምፖች የሠራው ሰው ደግሞ ለአምፖቹ በቁጥር ፋንታ የሴት ስም ይሰጣቸው ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ2006 ሞቷል፣ የሱም ዋጋ ሰማይ ነው። ማችለስ እዚያ ደረጃ አይደርስም። ቢሆንም ከመሥራቾቹ አንዱ ማርክ ሳምፕሰን በነበረበት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት፣ ከኋለኞቹ ይልቅ ይፈለጋሉ። የአክስቴ ልጅም የኔ አምፕ የዚያ ዘመን ነው ይላል፣ ሲናገር ደረቱ ይነፋል።

ገዢ በዚያ ዋጋ የሚገዛው ድምፁን ብቻ አይደለም። ትራንስፎርመሩ የራሱ ነው? ስፒከሩስ? ማን ከፍቶታል? ይሄን ሁሉ ይጠይቃል። ቲዩብ መቀየር ችግር የለውም፣ አላቂ ነገር ነው። ያረጁ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) መቀየራቸውንም ብዙ ሰው ይቀበላል። ትራንስፎርመር ከተቀየረ ግን ዋጋው ይወርዳል።

ደሴ ላይ ራስ የሚያዞረው ይሄ ነው። አምፑ የተሠራው ለአሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የኛ መብራት 220 ነው። በቀጥታ ቢሰካ አለቀለት። የአክስቴ ልጅ ውስጡን ወደ 220 ቢያስቀይረው መጫወት ይቀለዋል፣ ሰብሳቢው ግን ይሸሻል። ስለዚህ 220ውን ወደ 120 በሚያወርድ፣ ከአምፑ ውጭ በሚቀመጥ ትራንስፎርመር ነው የሚጠቀምበት፣ ከፊቱ ደግሞ ስታብላይዘር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ምን ያህል ቮልት ይዞ እንደሚመጣ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ብሆን መብራት እንደጠፋ ወዲያው ነቅዬ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ እጠብቃለሁ። ከሶኬት ስለተነቀለ ብቻ ደግሞ እንዳትከፍቱት፣ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልት ሊቀር ይችላል። ስፒከሩ ሳይሰካም አታብሩት፣ የአምፑን የውስጥ ትራንስፎርመር ይዞት ይሄዳል።

የኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ ለድምፁ ከ10 ዘጠኝ። ገንዘብ አስቀምጥበታለሁ ብሎ ደሴ ላይ ለሚገዛ ግን አራትም አልሰጠው። ገዢው ያለው ባሕር ማዶ ነው፣ እዚያ ድረስ ለመላክ የሚወጣው ወጪና ጭንቀት ትርፉን ይበላዋል። እዚህ ደግሞ ሳትነኩት ካስቀመጣችሁት ካፓሲተሩ ቆሞም ያረጃል። ለሠርግና ለሆቴል ሥራ ከሆነ አብሽሩ፣ ቀጥታ ሚክሰር ላይ የሚሰካ የአምፕ ድምፅ ያለው ፔዳል ይበቃችኋል። በቦርሳ ይዛችሁት የሀረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሠርታችሁ መመለስ ነው፣ እኔም የምሠራው በሱ ነው።

እንዲህ ዓይነት አምፕ እጃችሁ የገባ ካላችሁ ግን፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣልህ?" ሲል ጫማና ሽቶውን ተዉት። አራት የተመሳሰሉ ኢኤል84 ቲዩቦች እና አንድ ኢኤፍ86 በሉት፣ በልብስ ተጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይምጡ።