ካውንቲ መጥራት ያዋጣል ወይ?

ሰው ለክትፎ ቤት ኮከብ ይሰጣል፣ እኔ ዛሬ ሜሪላንድ ላለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ (የአካባቢው መስተዳድር) የቤት ቁጥጥር ልሰጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በኪራይ ለምትኖሩ ይጠቅማል። ሮክቪልና ጌተርስበርግ ከተማው ውስጥ ከሆናችሁ የራሳቸው ኢንስፔክተሮች ስላሏቸው ወደዚያ ነው የምትደውሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንዋሪ ላይ ሂተራችን ቀዝቃዛ አየር መንፋት ጀመረ። ሜንቴናንስ መጣ፣ ፊልተር ቀየረ፣ ሄደ። ማታ ያው ነው። ኦፊስ ወርጄ ነገርኳት፣ ልጅቷ «ዕቃው ታዟል ስዊቲ» አለችኝ። በሳምንቱም ታዟል። በሦስተኛው ሳምንትም ታዟል። ልጄን ጃኬት አልብሼ ከላይ ጋቢ ደርቤላት ነው የምትተኛው። እኔ ደግሞ ኦቭኑን ከፍቼ ኩሽና ውስጥ ቁጭ እላለሁ። (አታድርጉት፤ በተለይ ጋዝ ከሆነ ሰው ይገድላል። እኔም የሰማሁት በኋላ ነው።)

ታች ፎቅ ያሉ እትዬ ቡና ጠርተውኝ ሁለቱን እጄን ሲኒው ላይ ለጥፌ ሲያዩኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ካውንቲ አትጠሪም እንዴ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ ሰው መክሰስ አልወድም።»

«ማን ክሰሺ አለሽ? ስልክ ደውዪ ነው ያልኩሽ!»

የብዙዎቻችን ችግር ይኸው ነው። መደወል ክስ ይመስለናል፤ ከዚያ የኢሚግሬሽን ወረቀቴ ይነካብኛል፣ ከቤት ያስወጡኛል እያልን ራሳችንን እናስፈራራለን። ወረቀት የጠየቀኝ የለም። ተከራይ አቤት ስላለ በቂም ማስወጣት ደግሞ በሜሪላንድ ሕግ ክልክል ነው።

ካውንቲው ውስጥ ሆናችሁ 311 ነው የምትደውሉት፣ ከውጭ ከሆናችሁ 240-777-0311። «አምሃሪክ» ብትሏቸው አስተርጓሚ መስመር ላይ ያስገቡላችኋል። ስትጨርሱ የጥያቄ ቁጥር ይሰጧችኋል፤ ጻፉት፣ ኋላ ነገሩ የት ደረሰ ስትሉ የምትጠየቁት እሱን ነው። እኔ ያገኘኋት አስተርጓሚ የጎንደር ልጅ ትመስለኛለች፣ ስንሰነባበት «አይዞሽ እህቴ» አለችኝ። ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ሰጥቻለሁ።

አሁን ወደ ጅልነቴ። ኢንስፔክተሩ በዚህ ቀን እመጣለሁ ብሎ ደወለ። እኔ ምን አደረግኩ? እንግዳ ሊመጣ አይደል፣ ቤቱን አጸዳሁ! መታጠቢያ ቤት ጣራው ላይ ሁለት ዓመት የኖረውን ሻጋታ ወንበር ላይ ቆሜ በበረኪና ፈግፍጌ አነጣሁት። ሰውየው መጣና ቀና ብሎ አየ፣ ምንም የለም። «እዚህ ጋ ሻጋታ ነበር» ስለው እየሳቀ «አሁን ግን የለም» አለኝ። የሚጽፈው ያየውን ነው። እባካችሁ፣ ካውንቲ ሲመጣ ቤት አታጽዱ። ወይም ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ።

ሂተሩን ግን መደበቅ አልቻልኩም። መኝታ ቤት ቴርሞሜትሩን አስቀምጦ ጠበቀ፣ 59 ፋራናይት። ሕጉ አከራዩ ቢያንስ 68 እንዲያሞቅ ያዛል፣ በኛ 20 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በዚያው እግሩ ቤቱን ዞረው። የሲንኩን ሥር በባትሪ አየ። መስኮት ከፈተ ዘጋ። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ተጫነው፣ ዝም። እኔው ነኝ ባትሪውን ያወጣሁት፣ በርበሬ ባመስኩ ቁጥር ስለሚጮህ። በሜሪላንድ በባትሪ ብቻ ከሚሠሩት ውስጥ ባትሪ የሚቀየረው ዓይነት ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል፣ 10 ዓመት የሚቆይ የታሸገ ባትሪ ያለው መሆን አለበት። ማኔጅመንቱ ስላልቀየረው እሱም ተጻፈባቸው። እኔም አልተረፍኩም፤ የባልኮኒው በር ፊት ለፊት ሁለት ከረጢት ጤፍ ከምሬ ኖሮ «እሳት ቢነሳ በየት ልትወጪ ነው?» አለኝና አስነሳኝ። ጤፍ ምን እንደሆነ ሳስረዳው አሥር ደቂቃ ሄደ።

የካውንቲው የጥፋት ማስታወቂያ ለማኔጅመንቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ያ «የታዘዘው» ሞተር መጣ። በሦስተኛው ቀን! ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ኢንስፔክተሩ መሠራቱን ሊያጣራ ሲመለስ ሻጋታው ሞልቶ ጠበቀው፣ አሁን ተጻፈ።

ካልተሠራስ? ኪራይ ዝም ብላችሁ እንዳትይዙ፣ በዚያ የተባረሩ አሉ። መንገዱ ሬንት እስክሮው ይባላል፤ ፍርድ ቤት ታመለክቱና ዳኛው ከፈቀደ ኪራዩን ለፍርድ ቤቱ ትከፍላላችሁ፣ አከራዩ እስኪሠራ እዚያ ይቀመጣል። ለጤናና ለሕይወት አስጊ ለሆነ ነገር እንጂ ቀለም ደበዘዘ ተብሎ አይደለም። አከራዩ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፣ የካውንቲው የጥፋት ማስታወቂያ ደግሞ እንደ ማሳወቅ ይቆጠራል። ስለዚህ 311 መደወሉ እዚያም ይጠቅማችኋል።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለምን መሰላችሁ? ነገሩ በአብዛኛው የሚሠራው በአቤቱታ ነው። ከእኛ ራቅ ብሎ ባለው መንገድ የራሳቸው ቤት ያላቸው ጋሼ አሉ። በጋ ላይ ሁለት ወር አዲስ አበባ ሄዱ፣ ግቢያቸው ሣር ዋጠው። ሣር ከ12 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ጫማ ካለፈ ጥፋት ነው። ማን እንደጠቆመ አይታወቅም፣ ሲመለሱ ደብዳቤ ጠበቃቸው። ካላጨዱ ካውንቲው ያሳጭድና ሒሳቡን እሳቸው ላይ ይጥለዋል። የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሏቸው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው ያሳዩኝ። የአንድ ሽማግሌ ሣር በአንድ ስልክ ተያዘ። እኛ ሕንፃ ላይ ደግሞ ያ ሁሉ ቤት በብርድ ሲቆረፈድ ማንም አልደወለም ነበር፣ እኔን ጨምሮ።

እርግጥ ለትልልቅ አፓርትመንቶች መደበኛ ቁጥጥር አለ። ኦገስት 2016 እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ፍላወር ብራንች አፓርትመንት በጋዝ ፈንድቶ 7 ሰው ሞተ። ነዋሪዎች ከሳምንታት በፊት ጋዝ ሸቶናል ብለው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሕጉ ጠበቀ፤ አፓርትመንት ሁሉ ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ፣ ችግር የበዛበት በየዓመቱ ይታያል። ሦስት ዓመት ግን ረጅም ነው፣ ሂተር ለሌለው ሰው አንድ ሌሊትም ረጅም ነው። (ጋዝ ከሸተታችሁ 311 አይደለም፤ ውጡና 911 ደውሉ።)

ከ5 ኮከብ 4። ኦፊስ ያለችው ልጅ ከዚያ ወዲህ «ስዊቲ» ብላኝ አታውቅም። ጤፉን አልጋ ሥር አስገብቼዋለሁ።